ቁልፉን ለማን ሰጥተህ ትሄዳለህ?

የደቡብ አፍሪካው የዙሉ ፖለቲከኛ ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ የሞቱት ጳጉሜን 4 ቀን 2015 ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2023 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት የኛ ነው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።) ቅዳሜ ነበር። እኔ ሱቄ ውስጥ ቆሜ፣ ለእንቁጣጣሽ በግ በጋራ ለመግዛት ከልጆቹ ጋር በስልክ እጨቃጨቃለሁ።

ሱቄ ቶኮዛ ነው። ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ሎኬሽን። ደቡብ አፍሪካን ለማያውቅ አንባቢ፣ ሎኬሽን የምንለው በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች እንዲኖሩበት ከከተማ ውጭ የተከለለውን ሰፈር ነው። አገሩ ነፃ ወጣ፣ ስሙ ግን ቀረ። ከመደርደሪያው በላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን አለችኝ። ደንበኛ ትስባለች ብዬ ነበር የገዛኋት። ደንበኛው ግን እሷን እያየ በሩን ይዘጋብኛል።

የዚያን ቀን ከአንድ ዜና በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው በ95 ዓመታቸው አረፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ አንድ ጎጎ አሉ። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን። ዳቦ፣ ስድስት እንቁላልና የአሥር ራንድ የስልክ ካርድ ይገዛሉ። እሳቸው ደግሞ እኔን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉኝ። እዚህ ሱቅ ያለው የውጭ ሰው ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው።

ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ።

"ሞተ?" አሉኝ።

"ሞቱ፣ ጎጎ።"

ደስታም ሐዘንም ፊታቸው ላይ አላየሁም። መልሳቸውን ቆጠሩ፣ ዳቦውን ያዙ። ከዚያ "ወንድሜ በ1993 ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም" አሉ። ስለ ዋጋ እንደሚያወሩ ነበር ያሉት። ወጡ።

ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ ከሆስቴሉ አንድ አዛውንት መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሙ። "ሼንጌ ሄደ" አሉ። የቡቴሌዚ የጎሳ መጠሪያ ነው፤ እኛ አባ እገሌ ብለን በፈረስ ስም እንደምንጠራው ያለ የክብር ስም። ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። ለእሳቸውም ዳቦ ሸጥኩ።

ያ ቅዳሜ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለቱም የሚኖሩት ከኔ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ነው። በመካከላቸው ያለው የኩማሎ ጎዳና ነው።

በጎዳናው ባንድ በኩል ሆስቴሎቹ አሉ። ሆስቴል ስል የተማሪ ማደሪያ እንዳይመስላችሁ። ከገጠር፣ በተለይ ከዙሉ አገር፣ ለሥራ የመጡ ወንዶች ያለ ሚስት ያለ ልጅ የሚታጎሩበት ቤት ነው። በሌላው በኩል የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። ማንዴላ ከእስር ከተፈቱበት ከ1990 እስከ 1994 ምርጫ ድረስ ሆስቴሉ የቡቴሌዚ ፓርቲ የኢንካታ፣ ቤቶቹ የማንዴላ ፓርቲ የኤኤንሲ ሆኑ። መሃል ያለው ጎዳና ጦር ሜዳ ሆነ። በአገሪቱ በሙሉ በእነዚያ አራት ዓመታት ከ10,000 ሰው በላይ በፖለቲካ ግጭት አልቋል። ዛሬ እዚያው ጎዳና ላይ የሟቾች ስም የተጻፈበት መታሰቢያ ቆሟል። ታክሲ ስጠብቅ ስሞቹን ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ካቢኔያቸው ውስጥ ያስገቡት ቡቴሌዚን ነው። አገር አስተዳደር ሚኒስትር አደረጓቸው። እዚህ ያለን ስደተኞች "ሆም አፌርስ" የምንለውን፣ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የስደተኛ ወረቀት የሚወጣበትን መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ነገሩን ባላንጣን የመሾም ተረት አድርጎ መጨረስ ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደግ ሰውዬ ይቅር አሉ፣ ሌላው አፈረ ብዬ ነበር የተረዳሁት። ጎጎን ካወቅኩ በኋላ ግን ነገሩን መፈተሽ ጀመርኩ።

ሁለቱ ሰዎች ከድሮም ባላንጣ ብቻ አልነበሩም። ቡቴሌዚ በወጣትነታቸው የኤኤንሲ የወጣቶች ሊግ አባል ነበሩ። በአፓርታይድ ሥር ለዙሉዎች የተከለለው የክዋዙሉ ግዛት አስተዳዳሪ ሆኑ፤ ኤኤንሲዎች ይህን ከነጭ መንግሥት ጋር ማበር አድርገው ቆጠሩት። እሳቸው ግን መንግሥት ለክዋዙሉ ልስጣችሁ ያለውን የይስሙላ ነፃነት እምቢ ብለዋል። ማንዴላ ሳይፈታም አልደራደርም ብለዋል። ማንዴላ ከእስር ቤት ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር። ስለዚህ ጠቡ የባዕድ ጠብ አልነበረም። ዘመዳሞች ሲጣሉ እንዴት እንደሚጣሉ እናውቃለን።

ማንዴላ በተፈቱ በሁለተኛው ሳምንት ደርባን ላይ ለደጋፊዎቻቸው ጠመንጃችሁን፣ ቢላችሁን፣ ገጀራችሁን ባሕር ውስጥ ጣሉ አሉ። የጣለ የለም።

የ1994 ምርጫ ሲቃረብ ኢንካታ አልወዳደርም አለ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የቀድሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሄንሪ ኪሲንጀርና ሎርድ ካሪንግተን ሊያስታርቁ መጥተው ሳይሆንላቸው ሄዱ። የቀሩት ዋሽንግተን ኦኩሙ የሚባሉ ኬንያዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ኦኩሙ ቡቴሌዚን ለማግኘት አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ በብልሽት ምክንያት ተመልሶ አረፈና ተገናኙ ይባላል። ቡቴሌዚም የእግዚአብሔር እጅ አለበት ብለው እንደተቀበሉት ይነገራል። ስምምነቱ የተፈረመው ኤፕሪል 19 ነው። ድምፅ መስጠት ሊጀመር አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የምርጫው ወረቀት ታትሞ አልቋል። ምን ተደረገ? የኢንካታ ስምና የቡቴሌዚ ፎቶ ያለበት ተለጣፊ ተዘጋጅቶ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ተለጠፈ።

ይሄ ተለጣፊ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። እኛ አገር "ተለጣፊ ፓርቲ" ስድብ ነው። እዚህ ግን የእውነት የተለጠፈው ፓርቲ አሥር ከመቶ በላይ ድምፅ አምጥቶ 43 መቀመጫ ያዘ።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ማንዴላ ቡቴሌዚን የሾሙት ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ጊዜያዊው ሕገ መንግሥት 20 መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ሁሉ በካቢኔ ውስጥ ቦታ ይገባዋል ይል ነበር። 80 ያገኘ ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት የመሰየም መብት ነበረው፤ የአፓርታይድ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ዴክለርክ ምክትል የሆኑት በዚህ ነው። ስለዚህ ቡቴሌዚ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት ተለምነው ወይም ተመፅውተው ሳይሆን ቆጥረው ነው።

ልዩነቱ ከባድ ነው። እኛ አገር በ2014 (ይሄኛው የኛ ነው) መስከረም 26 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ካቢኔያቸውን ሲያቀርቡ የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። ጄፒ ያለው ቡና ቤት ለሁለት ተከፈለ። (ጄፒ ጆሃንስበርግ መሃል ያለው የኛ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ እኛ ግን አልቀየርነውም።) ግማሹ አዲስ ዘመን መጣ አለ። ግማሹ "አፍ ማዘጊያ ነው" አለ። ተቃዋሚ ሹመት ሲቀበል የምንለው ዝግጁ ነው፦ ተገዛ፣ ሆዱ አሸነፈው። የገዢው ፓርቲ ሰው ሲሾም ደግሞ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን። ለሁለቱም ተረት አለን፤ በምክር ቤት ወንበሩ ቆጥሮ ለሚቀመጥ ሰው ግን ተረት የለንም። የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረ ሹመቱ የሰጪው ፈቃድ ነበር። ሰጪ ያለው ነገር ነሺም አለው።

እዚህም ቢሆን ያው ነው። በቋሚው ሕገ መንግሥት ያ ግዴታ ከ1999 በኋላ አልቀጠለም። ማንዴላን የተኩት ታቦ ምቤኪ ቡቴሌዚን በፈቃዳቸው አቆዩዋቸው። ምክትል ፕሬዚዳንትነትም አቅርበውላቸው ነበር፤ ዋጋው ግን ኢንካታ የክዋዙሉ ናታልን አስተዳዳሪነት ለኤኤንሲ መልቀቁ ነበር። እምቢ አሉ። ከ2004 ምርጫ በኋላ ስማቸው ከዝርዝሩ ወጣ። መብት ሳለ ማንም አልነካውም። ስጦታ ሲሆን ተነሳ።

እና ማንዴላ ምንም አልጨመሩም ማለት ነው? ጨምረዋል። እንዲያውም ትልቁን።

ቡቴሌዚ ለመያዝ የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ሹመቱን በያዙ በአራተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 1994፣ የዙሉ ንጉሥ ቃል አቀባይ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲናገር እሳቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። ከጠባቂዎቻቸው ጋር ስቱዲዮው ውስጥ ገቡና ሰውየውን ፊት ለፊት ተጋፈጡት። አገር ሁሉ እያየ! የአገር አስተዳደር ሚኒስትር ናቸው እንግዲህ። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ማንዴላ አላባረሯቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተለያይተው የነበሩትን ባለቤታቸውን ዊኒን ከምክትል ሚኒስትርነት አሰናበቱ። ሚስት ይባረራል፣ ባላንጣ ይቆያል። ለማስታረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

በ1995 ኢንካታ ሕገ መንግሥት ከሚረቅበት ጉባኤ ወጣ። ሊፈርሙ ሲሉ የተገባላቸው የዓለም አቀፍ ሽምግልና ቃል አልተከበረም ብለው ነው፤ እውነትም አልተከበረም። በቀጣዩ ዓመት የዴክለርክ ፓርቲ መንግሥቱን ጥሎ ሄደ። ቡቴሌዚ ግን እያኮረፉም ካቢኔው ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ ማንዴላና ምክትላቸው ምቤኪ አንድ ላይ ከአገር ሲወጡ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ማን ይሁን ተባለ። ቡቴሌዚ ሆኑ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ በተደጋጋሚ። ከኤኤንሲ ሚኒስትሮች መካከል ሞልቶ ነበር እኮ።

በሴፕቴምበር 1998 ማንዴላ አሜሪካ ነበሩ። በ23ኛው ቀን የኮንግረሱ የወርቅ ሜዳሊያ ይሸለሙ ነበር። ምቤኪም ውጭ ነበሩ። ጎረቤት አገር ሌሶቶ ውስጥ በምርጫ ውጤት የተነሳ ተቃውሞ በርትቶ፣ ወታደሮች አምፀው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የድረሱልኝ ጥሪ አሰሙ። በ22ኛው ቀን የደቡብ አፍሪካ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ከማንዴላና ከምቤኪ ጋር ተመካክረው ትእዛዙን የሰጡት ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ናቸው። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሁለቱ ሰዎች ተከታዮች ኩማሎ ጎዳና ላይ ይተኳኮሱ ነበር።

ዘመቻው ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ጥሩ አልነበረም። ከሁለቱም ወገን ወታደሮች ሞቱ፣ የሌሶቶ ዋና ከተማ ማሴሩ ተዘረፈች፣ መሃሏ ተቃጠለ። ባሶቶዎች ዛሬም ያነሱታል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ወንበር መስጠትና ቁልፍ መስጠት አንድ አይደሉም። ወንበር ስትሰጠው እዚያው ነህ፤ ታየዋለህ። ቁልፍ ሲሆን ግን አንተ የለህም። ውሳኔውም የእሱ ነው፣ ጥፋቱም የጋራ።

ይህን በራሴ አውቀዋለሁ። ከፕሬዚዳንት ጋር ራሴን ማወዳደሬ አይደለም፤ እኔ ያለኝ አንድ ሱቅ ነው።

መጀመሪያ ሱቁን የከፈትኩት ከአንድ ያገሬ ልጅ ጋር በሽርክና ነበር። ተጣላን። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። እሱ ከኔ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ከፈተ። እኔ ዳቦ ሃምሳ ሳንቲም ስቀንስ እሱ አንድ ራንድ ይቀንሳል። ሁለታችንም ከሰርን፤ ጎጎ ብቻ አተረፉ። ሦስት ዓመት ሰላም አልተባባልንም።

ከዚያ በጁላይ 2021 ያ ሁሉ ዝርፊያ ሆነ። በሁለት አውራጃዎች ሱቅ የሚባል ሲዘረፍ፣ ሲቃጠል ሰነበተ። ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሌሊት አንድ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ እኔና እሱ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን አደርን። አልታረቅንም። ስለ ብርዱ ብቻ ነው ያወራነው።

በሚቀጥለው ዓመት እናቴ አረፈች። ለወር ያህል አገር ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሱቁን ለማን ልተው? ወዳጅ አለኝ፣ ግን ሂሳብ አይችልም። የአክስቴ ልጅ አለ፣ ግን ደንበኛ ላይ ይጮሃል። ሱቁን እንደኔ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ቁልፉን ሰጠሁት። ምንም አላለም። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሎ ተቀበለኝ።

ደግ ነበርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ሆኜ ለሌላ ሰው ደውዬ "ማታ ማታ አለፍ እያልክ እይልኝ" ብያለሁ። ስመለስም ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ስቆጥር አደርኩ። ሦስት ካርቶን ዘይት ጎደለ። ልቤ መታ። ደብተሩን ስገልጥ በእጁ ጽሑፍ ተመዝግቧል፦ ዱቤ። እኔ ለዓመታት ዱቤ ለከለከልኳቸው ሰዎች ሰጥቶብኛል! ተናደድኩ፣ ግን ሌባ ልለው አልቻልኩም። ከሦስቱ ሁለቱ ከፈሉ። አንዱ እስካሁን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ዛሬም ጓደኛሞች አይደለንም። ግን ዳቦ በአንድ ዋጋ ነው የምንሸጠው።

ወደ ጎጎ ልመለስ። የቡቴሌዚ ቀብር መስከረም 5 ቀን በኡሉንዲ በመንግሥት ወግ ሲፈጸም፣ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የስንብት ንግግር ሲያደርጉ፣ ጎጎ ሱቄ ነበሩ። ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኳቸው። ማንዴላ ቡቴሌዚን ሲሾሙ ምን ተሰማዎት አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። "በዚያ ዓመት መንገዱን ተሻግሬ ገበያ መሄድ ጀመርኩ" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "ወንድሜ የት እንደተቀበረ ግን የነገረኝ ሚኒስትር የለም" አሉ።

እኔ ለዚህ መልስ የለኝም። የአፓርታይድን ዘመን ግፍ የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ1998 ባወጣው ሪፖርት ኢንካታንና ቡቴሌዚን ለከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ተጠያቂ አድርጓል። ኤኤንሲንም አልማረም። ወሩ ኦክቶበር ነበር፤ ቡቴሌዚ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆነው ጦር ካዘመቱ በኋላ አንድ ወር ገደማ ማለት ነው። ሰውየው ኮሚሽኑን ፍርድ ቤት ሞገቱት፣ ሚኒስትርነታቸውንም ቀጠሉ። አንዳንዴ ይህ ያንገበግበኛል። ካቢኔው የሟቾቹን ነገር ያዳፈነ ይመስለኛል። ደግሞ ጎጎ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሱቄ ሲመጡ አያለሁ። ባይሻገሩ ኖሮ እኔም አላውቃቸውም ነበር።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ከሰውየው ጋር ሌላ ጉዳይ አለን። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት የሚወጣበት የ1998ቱ የስደተኞች ሕግ የወጣው እሳቸው ሚኒስትር ሳሉ ነው። ካምፕ ውስጥ ሳንታጎር ከተማ ገብተን እንድንኖር ያደረገን አሠራር በዚያ ሕግ ሥር ነው የቆመው። ጥገኝነት ጠያቂ አይሠራም የሚለውን ክልከላ ይዘው ተከራክረው በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የረታቸውም እሳቸውኑ ነው። ጄፒ ውስጥ ስንት ሰው ይህን ያውቃል? እኔም ያወቅኩት ከሞቱ በኋላ ነው።

በ2024 ነገሩ ተደገመ። ኤኤንሲ 40 ከመቶ ብቻ አገኘ። ብቻውን መግዛት አልቻለም። ጁን 30፣ እሑድ ማታ፣ ራማፎዛ አዲሱን ካቢኔ አነበቡ። ለዓመታት ሲቃወማቸው የኖረው የዲኤ ፓርቲ መሪ ጆን ስቲንሃይዘን የግብርና ሚኒስትር። የቡቴሌዚ ተተኪ ሕላቢሳም ገቡ። "አባሃምቤ" ማለትም "ይውጡልን" እያለ በኛ ላይ የቀሰቀሰው ፓርቲ መሪ ጌይተን መኬንዚ ደግሞ የስፖርትና የባህል ሚኒስትር ሆኑ። ባህል!

ሱቁን ዘግቼ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌያለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያ ሰውዬም በሩን ግማሽ ከፍቶ ይሰማል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሠላሳ ሁለት ሚኒስትር። እኔ የምጠብቀው አንዱን ብቻ ነበር።

"ሆም አፌርስ ማን ሆነ?" ብሎ ጮኸ ከማዶ።

"ሽራይበር የሚባል። ከዲኤ ነው።"

"ጥሩ ነው መጥፎ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ማክሰኞ ወረቀት ላሳድስ ስሄድ አያለሁ።"

"እኔም ማክሰኞ ነው የኔ" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ታዲያ ሱቁን ማን ይይዛል?" አለኝ።